የመቃብሩ ቁልቋል

ባሏ በተቀበረ ማግስት ከሰው አጥር ላይ የቁልቋል ቁራጭ ቆርጣ አመጣች። ቁስሉ ሳይደርቅ ቢተከል እንደሚበሰብስ ስለምታውቅ፣ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ አቆየችው። ሲደርቅላት ወስዳ ከመቃብሩ ግርጌ ተከለችው።

«አበባ አይሻልም ነበር ልጄ?» አሏት የደብሩ ቄስ።

«አበባ ይጠወልጋል አባ።»

ቄሱም እንዲህ ያለ ፍቅር አይተው እንደማያውቁ ላገኙት ሁሉ አወሩላት።

በሙት ዓመቱ ቁልቋሉ ቅርንጫፍ አውጥቶ ግርጌውን በእሾህ ሞልቶታል። የባሏ ቅምጥ ጥቁር ለብሳ መጣች፤ በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ፊት እንዳደረገችው፣ ግርጌው ላይ ተንበርክካ ልታለቅስ። እሾሁን ስታይ ቆማ ቀረች።

«ተንበርከኪ እንጂ እህቴ» አለቻት ሚስትየው፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ከአጥርሽ ላይ የቆረጥኩት ነው።»