በጥርሷ የያዘችው

«እማዬ፣ ገመዶቹን አራርቀሽ ያዢ፤ ጫፋቸው ከተነካካ እሳት ነው!» አለ ልጇ ከካራቫኑ የኋላ አልጋ ሥር። በዚያ በኩል ያሉትን ባትሪዎች አገናኝቶ ጨርሶ ነበር። እሷ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ባሉት ባትሪዎች ላይ ጎንብሳ በአንድ እጇ ቀዩን የባትሪ ገመድ፣ በሌላው ጥቁሩን ይዛለች። የሳውዲዋ ከተማ የኾባር ሙቀት መዳፏን አላበው። ድንገት ደብቃው የኖረችው የማተቧ የብረት መስቀል ከቀሚሷ ሾልኮ ባትሪዎቹ ላይ ተንጠለጠለ። በጥርሷ ቀለበችው።

«እማዬ፣ ምነው ዝም አልሽ?»

አሠሪዋ ማዳም በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ኤሽ ሃዳ? አፍሽ ውስጥ ምንድን ነው?» ብላ እጇን በባትሪዎቹ ላይ አሻግራ ዘረጋች። የወርቅ አምባሮቿ እየተንሸራተቱ ወደ ባትሪዎቹ ወረዱ። እናትየዋ አፏን ብትከፍት መስቀሉ ይታያል፤ ባትከፍት የማዳም እጅ ይቃጠላል።

«ላ፣ ተይ ማዳም! ወርቁ!» ብላ ጮኸች፤ ራሷንም ወደ ኋላ መለሰች። መስቀሉ ደረቷ ላይ ወደቀ።

ማዳም አምባሮቿን አየች፤ ከዚያ መስቀሉን። ከደጅ የባሏ ጫማ ድምፅ ተሰማ።

«ቶሎ ደብቂው፤ ባባ መጣ» አለቻት በሹክሹክታ።

የእናትየዋ ሁለት እጆች ግን ገመድ እንደያዙ ነበሩ። ማዳም ክሩን አንስታ መስቀሉን በእናትየዋ ቀሚስ ውስጥ ከተተችው።