ምስሌ መራመድ ይወዳል

ልጄ ምንታምር ጉልበቴን በቅባት እያሸች፣ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሊዘጋ መሆኑን ነገረችኝ። ከእንግዲህ የምንታከመው ዳገቱ ጫፍ ላይ ባለው ነው።

«ማን ተስማማ?» አልኳት።

«ነዋሪው። አንቺም ተስማምተሻል እማዬ።»

ሕግ ሲወጣ ሰው መጠየቅ ከቀረ ቆየ። ሰው ሲሰበሰብ ይጯጯሃል አሉና፣ አሁን የሚጠየቀው ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ እንደኛ ሆኖ የሚመልሰው ምስላችን ነው። የእኔን የሠራችው ራሷ ምንታምር ናት። ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሆና ስትቀጠር የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ያደረገችው ከእኔ ጋር ነበር። ያኔ ጉልበቴ ደህና ነበርና «በእግሬ መሄድ ደስ ይለኛል፣ ዳገትም አይገደኝም» ብያት ተሳስቀናል። ምስሌ የተሠራው ከዚያ መልሴ ነው።

«ታዲያ አሁን እንደማልችል ንገሪያቸዋ! ሽንት ቤት እንኳ ደግፈሽኝ አይደል የምሄደው?»

«አይሆንም እማዬ። የአንድ ሰው መልስ ከተነካ ጥናቱ በሙሉ ይበላሻል።»

«እኔስ?»

ጥናቷ የሕዝብን ድምፅ ለሕግ አውጪዎች አሰማ ተብሎ ተሸልሟል። የሽልማት ወረቀቱን አልጋዬ ፊት ለፊት የሰቀለችው፣ እያየሁ እንድኮራ ነው።

ቅባት ጨምራ ጉልበቴን ጫን አደረገችው። ጥርሴን ነከስኩ።

«እዚህ ጋ ያምሻል?» አለችኝ።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ምስሌን ጠይቂው» አልኳት።