ቤቶች!

አጥናፉ ካዛንቺስ የተተከለው ግዙፍ የመዝናኛ መንኮራኩር ላይ ሚስቱን ዮሃናን ይዞ ወጣ። የመስታወት ክፍላቸው ከፍ ሲል የኡራኤል ጉልላት ከታች ታየ።

«የእትዬ መነን ቤት የቱ ጋ ነበር?» አለችው።

«ልክ ከስራችን። ላስፈርስ ስሄድ ‹ቤቶች!› ብዬ አንኳኳሁ። እንግዳ መስያት ‹ቤት ለእንግዳ!› ብላ ከፈተችልኝ እኮ!» ሳቀ። «ቤቱ ሲፈርስ ‹እኔም አንድ ቀን አንኳኳለሁ› አለችኝ።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አለች ዮሃና፣ ስልኳን እየነካካች።

ጫፍ ላይ ሲደርሱ መንኮራኩሩ ቆመ። ከታች መኪኖቹ ጉንዳን አክለዋል።

የመስታወቱ በር ከውጭ ተንኳኳ።

«ቤቶች!» አለ የእትዬ መነን ድምፅ።

አጥናፉ የሚስቱን አፍ ሊይዝ ተወረወረ። እሷ ግን ከስልኳ ቀና እንኳን ሳትል፣ ልማድ ሆኖባት መለሰች።

«ቤት ለእንግዳ! ይግቡ!»