ዘፈን ያልነበረው ደቦ

አየሁሽ ሰው አታምንም። ጣልያን መተማን ሲይዝ ወንዙን ተሻግራ ከድንበሩ ወዲያ ገላባት ከገባች ወዲህ ያመነችው ሰው ቢኖር አንድ ልጇ ደምለው ነው። እሱም ሰሊጡን ዘርቶላት፣ ነሐሴ ሲገባ ጠመንጃውን አንግቶ አርበኞቹን ፍለጋ አርማጭሆ በረሃ ወርዷል።

መሬቱ የምጽዋት ነበር። ገላባትን የሚገዛው መንግሥት ለአንድ የእርዳታ ማኅበር ገንዘብ ሰጠ፤ ማኅበሩም በዚያ ገንዘብ ለየስደተኛው ጎጆ ቁራሽ መሬት፣ አንድ በሬና የሰሊጥ ዘር አደለ። ቃሉ አጭር ነው። በመኸር ሰሊጥ ያስገባ ራሱን ችሏልና መሬቱ ይጸናለታል፤ ያላስገባ በሬውን መልሶ፣ መሬቱን ለቆ፣ ድንኳን ሰፈር ወርዶ ዱራ ለሚሉት የቀለብ ማሽላ ይሰለፋል። ታመምኩ፣ ሰው ሞተብኝ፣ ወለድኩ ቢሉት የማኅበሩ ወኪል አብዱልሀኪም ጆሮ የለውም።

«ደምለው ሲመለስ በገዛ መሬቱ ላይ እድረዋለሁ» ትላለች አየሁሽ፣ አረሙን እየነቀለች። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

መስከረም አጋማሽ ላይ ባፈና የሚባል ሰው ከማዶ መጣ። እግሩ ቆስሏል፤ ብብቱ ሥር ቋጠሮ ይዟል። አየሁሽ አዲስ መጪን ሁሉ እንደምትጠይቀው ጠየቀችው።

«ደምለው የሚባል ልጅ በረሃ አላገኘህም?»

«በረሃው ሰፊ ነው፣ እናቴ» አለና ቋጠሮውን ወደ ጎኑ ሸሸግ አድርጎ ወደ አያ አለነ ጎጆ አለፈ።

አያ አለነ የስደተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ መሬታቸው ከእሷ መሬት ጋር ይዋሰናል። በማግስቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ከአንድ ዛፍ ሥር ከባፈናና ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ተሰብስበው አየቻቸው። እሷን ሲያዩ ጸጥ አሉ። አየሁሽ ደግሞ ጸጥታ የምትወድ ሴት አይደለችም፤ ዞር ብላ ከቁጥቋጦው ጀርባ ቆመች።

«ሰሊጧ እስኪገባ አንዲት ቃል እንዳታመልጣችሁ» አሉ አያ አለነ። «ከገባ በኋላ በማለዳ ሁላችንም እንሄዳለን።»

አሃ! መሬት የሌለው ወንድ መጣ፤ ባል የሌላት ሴት መሬት አላት፤ ይኸ ለማን ይጠፋል? ለፍታ ታምርት፣ ከዚያ በማለዳ መጥተው ይነቅሏታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አለች እንስራዋን እየተሸከመች።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነላት። ዘይት ነጋዴዋ ጎረቤቷ ረቢዓ ድሮ በነገር ስትወጋት ነበር የምትውለው፤ አሁን ቀልዱን ትታ ወተት ማመላለስ ያዘች።

«ጠጪ እንጂ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል» አለቻት አንድ ቀን።

«ጉልበት ለምኔ?»

«ለመኸሩ ነዋ» አለች ረቢዓ፣ ፊቷን አዙራ። ወጣ ስትል አየሁሽ ወተቱን ለውሻ ደፋችው።

ጥቅምት ገባ፤ ሰሊጡ ደረሰ። አንድ ጧት አየሁሽ እርሻዋ ስትደርስ አያ አለነ፣ ባፈናና የሰፈሩ ወንዶች ወገባቸውን ታጥቀው ያጭዳሉ። ደቦ አልጠራች፣ ጠላ አልጠመቀች!

«ማን ጠራችሁ?»

«ሰሊጥ አፉን ከከፈተ ሰው አይጠብቅም፣ አየሁሽ» አሉ አያ አለነ ቀና ሳይሉ።

የሚዘፍን አልነበረም። አየሁሽ ዕድሜ ልኳን ዘፈን የሌለው ደቦ አይታ አታውቅም። አንዱ ጎረምሳ ሊያንጎራጉር አፉን ሲከፍት አያ አለነ በዓይናቸው ቀጡት። ሌባ ደግሞ ሲሠራ ይዘፍናል እንዴ! አለች በሆዷ። ነዶው ቆሞ እስኪደርቅ፣ ተራግፎም ጆንያ እስኪገባ ከአጠገቡ አልተለየችም።

የአያ አለነ ሰሊጥም ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ የእሷን ሲያጭዱ፣ ቀጥሎ የእሷን ሲያራግፉ፣ የራሳቸው አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ፈሰሰ። የተረፈውን ወፍ ለቀመው። «እግዜር የሥራውን ሰጠው!» አለች አየሁሽ፤ ደስ አላት፣ ምን ይዋሻል።

አብዱልሀኪም ሊያይ መጣ። የአየሁሽን ጆንያዎች በእጁ መታ መታ አድርጎ «ራስሽን ችለሻል፤ መሬቱ ያንቺ ነው» አላት። ከአያ አለነ አውድማ ግን የሚመታ ጆንያ አላገኘም።

«ሽማግሌውን ምን ነካቸው? ዝናብ አጠራቸው?» ብሎ አየሁሽን ጠየቃት።

«ዝናቡማ ለሁላችንም ዘንቧል» አለች ጮክ ብላ። «እሳቸው የሰው እርሻ ውስጥ ሲዞሩ ነው የከረሙት።»

አያ አለነ ከጎጇቸው ደጃፍ ሰምተዋታል። ቀና ብለው አዩዋትና በሬያቸውን ሊፈቱ ተነሡ። በሬያቸው ተነድቶ ሲሄድ አየሁሽን ትንሽ ቆረቆራት፤ ግን ልጇን አሰበችና ተወችው።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ የብዙ ሰው ኮቴ ደጇ ላይ ቆመ። አየሁሽ ማጭዷን ይዛ ወጣች። ሁሉም መጥተዋል፤ ፊት አያ አለነ፣ ከኋላቸው ባፈና፣ ረቢዓ፣ ያጨዱት ወንዶች በሙሉ።

«አልለቅም!» ብላ ጮኸች። «እዚሁ ግደሉኝ እንጂ አልለቅም! መሬቱ የደምለው ነው! ልጄ ሲመጣ ይጠይቃችኋል!»

ባፈና እያነከሰ ቀረበና ቋጠሮውን ፈታ። ራሷ ፈትላ ያሠራችውን የደምለውን ኩታ እግሯ ሥር አኖረው።

«ማጭዱን አስቀምጪው፣ እህቴ» አሉ አያ አለነ። «ደምለው የሞተው ሰሊጡ ሳይታጨድ ነው፤ መርዶውን ያቆየነው መሬቱ እስኪጸናልሽ ነው።»