የሰሊጥ ጆንያ የማይመስል ሰው

ባዬ የሚሥላቸው ሰዎች ሁሉ የሰሊጥ ጆንያ ይመስሉ ነበር። ይህን ያለችው ሚስቱ ሣህሊቱ ናት። እሱም ደብተሩን ዘቅዝቆ፣ ከዚያም አቅንቶ ካየው በኋላ እውነቷን መሆኑን አመነ።

አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሱዳን፣ ሾዋክ ከተማ ውስጥ ስልክና ሬዲዮ ይጠግናል። እዚያ ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ግንቡ ላይ የአጫጆች ሥዕል ሊያሠራ ነው ተባለ። ሥራው የሚሰጠው በጥቅምት መጨረሻ የአንድ ሰው ሙሉ አካል በእርሳስ ሠርቶ ላቀረበና ለተመረጠ ነው። ባዬ ያን ግንብ ካላገኘ እንቅልፍ እንደማይወስደው ታወቀው። ተፎካካሪው የሣህሊቱ ወንድም ፀጋይ ነበር፤ የሱቅ ማስታወቂያ የሚሠራ፣ ዶሮ ሲሥል ዶሮ የሚመስልለት ሰው።

«ጆንያዎችህ ደህና አደሩ?» ይለዋል ፀጋይ በየጠዋቱ።

ባዬ የሚማረው ከስልኩ ነው፤ አንድ ራሰ በራ ግብፃዊ መምህር አለው። «ከፎቶ አትሣል» ይላል መምህሩ። «ሕያው ሰው ፈልግ። እየሣልኸው መሆኑን አትንገረው፤ ይገተርብሃል። የሰው ቁመት የገዛ ጭንቅላቱ ርዝመት ሰባት ጊዜ ተኩል ነው። ለካ።»

ሣህሊቱ አንድ ቀን ተቀምጣለት ነበር። ወጥ አረረባት። ሥዕሉን ስታየው «ወጡ ይሻል ነበር» አለች።

ስለዚህ ወደ ሞቀፉ፣ ወደ አውቶቡስ መቆሚያው ወረደ። እዚያ ኒም ዛፎቹ ሥር፣ ከስደተኛ ካምፕም ከድንበርም የመጡ ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ጠዋት ጠዋት ሎሪዎች እየመጡ ወደ ቁረይሻ ለሰሊጥ አጨዳ ይወስዷቸዋል። ባዬ የሚደርሰው ሎሪዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። የቀረ ሰው የትም አይሄድም፤ ለጀማሪ ሠዓሊ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ሠዓሊ እንዲመስል ንጹሕ ሸሚዙን ለበሰ፣ ባርኔጣ ደፋ፣ ታጣፊ ወንበር ያዘ። ሻይ ከምትሸጠው ከኑሪያ አጠገብ ተቀመጠና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እርሳሱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ሰዎቹን ከራስ ጠጕር እስከ ተረከዝ ይለካ ጀመር። ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ነው የሚይዘው። ሰው ቢያይበት ያፍራል።

የፈራው ሰላይ ነው ብለው እንዳይሸሹት ነበር። አልሸሹትም። በሁለተኛው ቀን ወገባቸውን ቀና አድርገው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። በአራተኛው ቀን ቻላቸው የሚባል ሽበታም ሰው ጢሙን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ መጣ። ባዬ ሥነ ጥበብ በሰው ላይ ኃይል እንዳለው ሰምቶ ነበር፤ በዓይኑ ሲያይ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ኡስታዝ» ይሉትም ጀመር። በዚህ አገር መምህሩም የተከበረውም ሰው ኡስታዝ ነው። ስልክ ጠጋኝን ግን እንዲህ ብሎ የጠራው አልነበረም።

«ኡስታዝ፣ ስሜን እንዳይረሱት» አለው ቻላቸው። «ቻላቸው ነው።»

ባዬ ጻፈለት። ሌሎቹም ተከትለው ስማቸውን ነገሩት፤ አንዳንዶቹ ስልክ ቁጥራቸውንም ጨመሩ። ሥዕሉን እንድልክላቸው ነው ብሎ ሲያስብ ላብ አጠመቀው።

«ወንድሜንም ጻፈው» አለችው ኑሪያ ሻዩን እየቀዳች። ይሣላል እንጂ አይጻፍም ሊላት ፈልጎ በትሕትና ተወው።

ከሁሉም የላቀው ይልቃል ነበር። ሚስቱን ቱነይድባ ካምፕ ትቶ የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲቆም ሰባት ተኩሉ ልክ የመጣለት ብቸኛ ሰው። ሲቀመጥ አይነቃነቅም። አንድ ቀን ባዬ ማልዶ ቢመጣ ሎሪ ቆሞ ሰው ሲጭን ደረሰ። ይልቃል ከቦታው አልተነሣም።

«አንተ፣ ሎሪው ሊሄድብህ ነው» አለው ባዬ።

«ይሂድ። እኔ የምጠብቀው እርስዎን ነው።»

ባዬ ባርኔጣውን አስተካክሎ እርሳሱን ቀረጸ።

«ምግብስ አለው ኡስታዝ?» አለ ሌላው።

ባዬ ለሚሣል ሰው አንዳንድ ነገር ማድረግ ወግ መሆኑን ከስልኩ ሰምቷል። ለሁሉም ፉል አዘዘ። በማግስቱ የሰዉ ቍጥር እጥፍ ሆነ።

«ስንት ሰው ነው የሚመረጠው?» ሲል ይልቃል ጠየቀ።

«አንድ ብቻ። በወሩ መጨረሻ።»

ከዚያ ወዲህ ይልቃል መዳፎቹን ወደ ላይ ገልብጦ ጕልበቱ ላይ ያሳርፍ ጀመር፤ ማጭድ ያጠነከራቸው፣ እንደ ጫማ ሶል የሆኑ መዳፎች። ባዬ እስከዚያ ቀን እጅ መሣል ስለማይችል በሥዕሉ የሰዎቹን ሁሉ እጅ ኪስ ውስጥ ያስገባ ነበር። በነዚያ መዳፎች ላይ ዐሥር ቀን ሠራ፤ ተማረም።

ሣህሊቱ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ብዙ አየችው።

«ይህስ ሰው ነው» አለች በመጨረሻ። «ግን ምን ቸግሮት ነው? የሚለምን ይመስላል።»

«ስሜት ይባላል» አለ ባዬ። «አስቤበት ነው።»

አላሰበበትም።

ኮሚቴው የእሱን መረጠ። ፀጋይ ሥዕሉን አገላብጦ አየና «ጆንያው እግር አወጣ» ብሎ ጨበጠው። ባዬ ከዚያው በቀጥታ ወደ ሞቀፉ ገሠገሠ። አጨዳው እያለቀ ነበር፤ ሎሪ ከመጣ ሳምንት አልፏል። የሱ ሰዎች ግን ባሉበት ነበሩ።

«ተለይቷል» አለ ባዬ፣ የምሥራቹን እያጣጣመ። «የተመረጠው ይልቃል ነው።»

ሌሎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ቻላቸው ጢሙን ዳሰሰ። «እኔም ደካማ አይደለሁም ኡስታዝ» አለ በቀስታ። «ለከርሞ ያስቡኝ።»

ይልቃል የባዬን ትከሻ ሳመ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ባዬም ለአንድ የእርሳስ ሥዕል ሰው ይህን ያህል ሲደሰት አይቶ፣ የራሱም ዓይን ረጠበ። ይልቃል ወደ ኑሪያ ዳስ ጓሮ ሮጦ ገባ። ሲመለስ በገመድ የታሰረ ብርድ ልብስ ተሸክሟል፤ በሌላ እጁ ሞረድ የነካው ማጭድ ይዟል።

«ስድስት ሎሪ ያሳለፍሁት በከንቱ አይደለም» አለ። «እርሻዎ እዚያው ቁረይሻ ነው ወይስ ከዚያ ወዲያ?»