የንብ ደም

«ኦይቻ በጠራራ ፀሐይ አበባ ላይ መርዝ ይረጫል አሉ» እያለች የትርንጎ እናት ሰነበተች። ንብ የፈጀ ሰው እጁ በባለቀፎው ይቆረጣል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ዛሬ የትርንጎ ንቦች አለቁ፤ እሷም ጎረቤቷን ኦይቻን እየጎተተች አምጥታ የፖም ጉቶ ላይ አጋደመችው።

«ልጄ፣ ዘንድሮ መርጫ በእጄ አልነካሁም!» አላት።

«ዝም በል፣ አንተ ቀጣፊ ሽማግሌ! እኔ ንቡ ቀፎው ሳይገባ ረጭቼ አውቃለሁ?»

ገጀራው ወረደ። ደሙ አጠገቡ ባለው የፖም ዛፍ አበባ ላይ ተፈናጠቀ። አንድ እጇን ዓምና በዚሁ ሕግ ያጣችው ሚስቱ ነጠላዋን በጥርሷ ቀድዳ ክንዱን አሰረችለት።

ትርንጎ ልትታጠብ ወደ ጓሮ ዞረች። ንቦቿ የሚጠጡበት ገንዳ በሬሳቸው ተሞልቷል። ትናንት ማታ ፖሙ ላይ መርዝ ስትረጭ ገንዳውን አልከደነችውም ነበር።