የኦሶፎ ባዱ ንጹሕ ደም

ሰዉ «ኦሶፎ» እያለ የሚጠራቸው የአሳምክሮም መንደር ፓስተር፣ ባዱ፣ ከሰይጣን ይልቅ ጋላምሴን ይጠላሉ። ጋላምሴ ያለ ፈቃድ ወርቅ መቆፈር ነው። እሑድ እሑድ ስለዚሁ ሲሰብኩ መድረኩን በቡጢ ይነርቱታል። ከምእመኑ ግማሹ ቆፋሪ ስለሆነ «አሜን» የሚለው እየተሳቀቀ ነው። ቢሆንም ይወዷቸዋል። ከተሾሙ ወዲህ ፊታቸው ፈካ ብሏል፤ ሴቶቹ «ጸጋ ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን ዶክተር ሴርዋ የምትባል ተመራማሪ ከኩማሲ መጣች። በቆፋሪዎች ደም ውስጥ ስንት ሜርኩሪ እንዳለ ልትለካ ነው። ወርቁን ከአሸዋው ለቅሞ የሚይዘው ሜርኩሪ ነውና ቆፋሪ ሁሉ ሁለቱን በባዶ እጁ ያሻል። ለማወዳደሪያ ደግሞ ወርቅ ቆፍሮ የማያውቅ ሰው ደም ያስፈልጋታል። አሳምክሮም ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

«እኔ አለሁ!» አሉ ኦሶፎ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። «ንጹሕ ደም ምን እንደሚመስል ሰዉ ይየው!»

ኩማሲ ያለው መሣሪያ ደሙን አቅጥኖ እንደ ጉም ይበትነዋል፤ ምድጃ በማያውቀው ሙቀት አንድዶት አተሞቹን በክብደታቸው እየለየ ይቆጥራል። ማዕረግ አያውቅም፣ ሰውንም አያፍርም። ሴርዋ የኦሶፎን ውጤት ስታይ ቱቦው ቆሽሾ ይሆናል ብላ ሌላ ቱቦ በአሲድ አጥባ ደገመችው። መሣሪያውንም በንጹሕ ውሃ ፈተነችው። ውሃው ምንም የለበትም። ደሙ ግን ያው ነው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጠጋ አለቻቸው። «ኦሶፎ፣ ለብቻችን ብንነጋገር ይሻላል።»

«የምደብቀው የለኝም! እዚሁ ይነበብ!»

«እባክዎ...»

«አንብቢ እንጂ ልጄ!»

አነበበች። ከቆፋሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ሜርኩሪ የተገኘው በኦሶፎ ደም ውስጥ ነው።

ሽማግሌው ኦፓኒን ታዊያ፣ ራሳቸው የወርቅ ጉድጓድ ጌታ፣ ከወንበራቸው ተነሡ።

«እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር። እጃቸውን እዩት! የጣታቸው አንጓ ከሰል መስሏል። ይሄ የቆፋሪ እጅ ካልሆነ የማን ነው?»

ኦሶፎ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የቆፈረ ፓስተር መድረክ ላይ አይቆምም። ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ያንን መድረክ ለማግኘት ደግሞ ወጣትነታቸውን ጨርሰዋል፤ ከእሱ ሌላ የሚወዱት ነገር የላቸውም።

«ሜርኩሪ በሌላ መንገድም ወደ ደም ይገባል» አለች ሴርዋ አዝናላቸው። «ሌላ ምክንያት ካለ ይናገሩ፣ እኔ እመሰክርልዎታለሁ። ለምሳሌ...»

«ቆፍሬአለሁ!» ብለው ጮኹ ኦሶፎ።

«የት?» አሉ ኦፓኒን።

«ጫካ ውስጥ።»

«የትኛው ጫካ?»

«ዛፍ ያለበት።»

«አፈሩን በምን አጠቡት?»

ኦሶፎ ትንሽ አሰቡ። «በሳሙና።»

ኦፓኒን ታዊያ ከልባቸው አዘኑ። እንዲህ ያለ ጀማሪ አይተው አያውቁም። «ቢነግሩን እኮ እናስተምርዎት ነበር» አሉ። ሽማግሌዎቹ መድረኩን ለሌላ ሰው ሰጡ። ምእመኑ አለቀሰ፤ ከዚያ ወረፋ ይዞ እየጨበጠ «ከእኛው ወገን ኖረዋል ለካ!» አላቸው። አንዱማ የራሱን ወርቅ ማጠቢያ ሳህን አበረከተላቸው።

ሳህኑን በብብታቸው ይዘው ቤት ሲገቡ ሚስታቸው አዶማ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? አካፋ ጨብጠህ አታውቅም! ያን ያህል የለፋህበትን መድረክ በማይረባ ውሸት ታስረክባለህ?»

«ታዲያ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ‹ሜርኩሪው የገባው የሚስቴን ፊት የሚያቀላ ቅባት እየሰረቅሁ ስቀባ ነው› ልበል?»